ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር

ብሎን ወደ ሦስተኛው ፎቅ በደረጃ የወጣው ሊፍቱ ተበላሽቶ አይደለም። ንዴቱ ሊፍት እስኪመጣ የሚታገሥ ስላልነበረ ነው።

«ጣቢያዬን ማነው የሰረዘው?» አለ፣ በሩን ሳያንኳኳ።

የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤቱ የመሣሪያ ጠጋኝ ነው። ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ መጠሪያው ብሎን ሆኖ ቀረ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ወጣት ደግሞ ከየጣቢያው የሚመጣውን መረጃ ኤስኪውኤል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በምትጽፈው መጠይቅ እየፈተሸች ትክክሉን ከስህተቱ የምትለይ ባለሙያ ናት። ወንፊት ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም።

«አልተሰረዘም፤ ተለይቶ ተቀምጧል» አለች ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «መሣሪያህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ አሥራ ሁለት ዲግሪ ወረደ ይላል። ሙቀት እንዲህ አይወርድም።»

«በረዶ ሲጥል ይወርዳል! እዚያው ቆሜ አናቴን ሲቀጠቅጠኝ ነበር። አንቺ እዚህ ጣራ ሥር ተቀምጠሽ...»

«በረዶ እንደጣለ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

ብሎን ከበሩ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበ። እሷም መጠይቋ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ በዚያው ሰዓት ዝናብ ወይም በረዶ ከተመዘገበ አሳልፈው። አስኬደችው። የታገዱት ረድፎች በሙሉ ተመለሱ።

«ይኸው ነው?» አለ ጎንበስ ብሎ እያየ።

«ይኸው ነው።»

«ለአንድ መስመር ነው ሦስት ፎቅ የሮጥኩት?»

«ስልክ የሚባል ነገር አለ እኮ» አለችና ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ግንባሩ ላይ ላብ፣ ጉንጩ ላይ የማሽን ቅባት ነበር። ሁለቱም ነገሩ ከሚጠይቀው በላይ ተያዩ።

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ባልተጣሉበት ቀን ይናፈቁ ነበር። በስኳር ልክ ተጨቃጨቁ፣ በአውቶቡስ መንገድ ተጨቃጨቁ፣ ማን ቀድሞ እንደወደደ ተጨቃጨቁ። አንድ ቀን ከነሐስ የብሎን ዳዶ ሞርዶ የሠራውን ቀለበት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። «ጠርዙ አልለሰለሰም» አለችው፤ አለችና አጠለቀችው።

የብሎን አባት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ያለውን አሮጌ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። እዚያ ሙቀት ዛሬም የሚነበበው በዓይን ነው። ሽማግሌው የመሣሪያውን ነጭ ሳጥን ከፍተው ቴርሞሜትሩን ያነባሉ፤ ቁጥሩንም በስልክ ይልካሉ። ወንፊትን መጀመሪያ ያገኟት ቀን ፊታቸውን ወደ ፊቷ በጣም አስጠግተው አዩዋትና፣ «ወንፊቷ አንቺ ነሽ? እስቲ ይህን ልጄን አበጥሪልኝ፤ ገለባው ይበዛል» አሏት። የተጠጉት ከፍቅር መስሏት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አለቃዋ ጠሯት።

«ቤታቸው ተጋድመው ቁጥር የሚፈጥሩ የቴርሞሜትር አንባቢዎች አሉ» አሉ። «ለይተሽ አምጪልኝ። የተያዘ ጣቢያ ይዘጋል፤ መረጃውም እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ከመረጃ ቋቱ ይወጣል። ምሕረት የለም።»

ለዚህ የሚሆን ፍተሻ የትም ተጽፎ አላገኘችም፤ ራሷ አሰበችው። ቴርሞሜትር የሚወደው ቁጥር የለውም። ከነጥብ በኋላ ያለው አኃዝ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ሁሉም በየተራው ሊመጣ ይገባል። የሰው ጭንቅላት ግን ይመርጣል። ስለዚህ መጠይቁን እንዲህ አለችው፦ ከእያንዳንዱ ንባብ የመጨረሻውን አኃዝ ለይ፣ በየጣቢያው መድብ፣ ቁጠር።

የጣቢያዎቹ ውጤት ሜዳ መስሎ ለጥ ብሎ ወጣ፤ ከአንዱ በስተቀር። እዚያ ዜሮና አምስት ብቻ ነበሩ። ሦስት የለም፣ ሰባት የለም፣ ዘጠኝ የለም። የጣቢያውን መለያ አየችው። የኮረብታው ነው።

ደግማ አስኬደችው። በየዓመቱ ከፋፈለችው፤ ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ የጥገና ጉብኝት ሠንጠረዡን ከፈተች። ብሎን ለጥገና በሄደ ቁጥር ራሱ ያነበበውን ከአባቱ ንባብ ጎን ያስገባል። አባት፦ ሃያ ነጥብ ዜሮ። ልጅ፦ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ሁሌም እንዲሁ።

ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቃል።

ጆሮዋ እስኪግል ተናደደች። ጣቢያውን «የተፈጠረ ንባብ» በሚለው ርዕስ ሥር አስገብታ ሪፖርቱን ላከች። ለብሎን አልነገረችውም።

በማግስቱ እንደገና በደረጃ ወጣ።

«አባቴን ውሸታም ብለሽ ጻፍሽ?»

«ያለው መጠይቁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«መጠይቁን ማን ጻፈው? ከሰማይ ወረደ?»

«አንተ ግን ታውቅ ነበር! አጠገቤ ተቀምጠህ ሻይ እየጠጣህ፣ ስለ ሥራዬ እየጠየቅኸኝ፣ ዝም!»

«አትናገር ብሎኛል።»

«ምኑን ነው የማትናገረው?»

«ሄደሽ እሱን ጠይቂው» አለ። «ሰውን ከመክሰስሽ በፊት ሰውየውን ማየት ትማሪያለሽ።»

«እኔም ላገባው ያሰብኩትን ሰው ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ!»

ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ተንከባለለና ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም ጎንበስ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ነበረች። ሽማግሌውን ነጩ ሳጥን አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን የቀረ ነገር አለና መጣሽ?» አሉ። «የሚሰረዝ አነሰሽ?»

«አባባ፣ እባክዎ ያንብቡልኝ።»

ሊያባርሯት ፈለጉ፤ ሰዓቱ ግን የንባብ ሰዓት ነበር። ሳጥኑን ከፈቱና አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ትንፋሻቸውን ያዙ። «ሃያ አንድ ነጥብ አምስት» አሉ።

ጎንበስ ብላ አየች። «ሦስት ነው፣ አባባ።»

«የቱ ጋ?»

በጣቷ አሳየቻቸው። ጣቷን እንጂ መስመሩን አላዩትም። ግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ እንደ ወተት ነጥቶ ነበር፤ ቀኙም ጀምሮታል።

«የዲግሪው ረጅም መስመር ይታየኛል» አሉ ቀስ ብለው። «የግማሹም። በመካከል ያሉት ጭጋግ ውስጥ ናቸው። ወደሚታየኝ አስጠጋለሁ። ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም!»

ወንፊት ጣቷን ከመስታወቱ አነሳች። የሚፈጥር ሰው አንዴ ሦስት፣ አንዴ ሰባት እያለ ባሳመረው ነበር። እኚህ ሰው ማሳመር እምቢ ብለው ነው የተያዙት። ከእፍረቷ ንዴቷ ቀደመ።

«ታዲያ ለምን አይታከሙም? ሞራ እኮ ነው! በአንድ ቀን የሚነሳ ሞራ!»

«ፈቃድ ስጠይቅ ምን ሊሉኝ ነው? በቦታዬ አውቶማቲክ መሣሪያ ተክለው፣ 'ደህና ሰንብት' ሊሉኝ!»

«ይኸው አሁንም ሊያሰናብቱዎት ነው፤ ያውም በውሸታምነት!»

«ያልሽው አንቺ!» ጮኹ። «ልጄ በተወለደ ቀን እንኳ ንባቤን ጨርሼ ነው የሄድኩት። እናቱ እስክትሞት ወቅሳኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ውሸታም?»

ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ስሙን ያወጣችለት ግን እሷ ናት።

ቢሮዋ ተመልሳ ሌላ መጠይቅ ጻፈች። በቅርብ ካለው አውቶማቲክ ጣቢያ ጋር የሽማግሌውን ንባብ ቀን በቀን አስተያየችው። ቁጥር የሚፈጥር ሰው የጎረቤቱን ሙቀት ሊከተል አይችልም። የሽማግሌው ግን እዚያ ሲወጣ ወጥቷል፣ እዚያ ሲወርድ ወርዷል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል የነበረው ልዩነት ከድሮው እምብዛም አልተናጋም። ርዕሱን «የተጠጋጋ ንባብ» ብላ ለወጠችው፤ ለሁለቱ ዓመት ብቻ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው።

«ወንፊት ብለን ስናምንሽ?» አሉ አለቃዋ ወረቀቱን እያገላበጡ።

«ወንፊትም ቀዳዳው ይሰፋል። ስህተቱ የእኔ ነው። ጣቢያው ግን መዘጋት የለበትም። ሰውየው ይታከሙ፤ እስኪድኑ ልጃቸው ያንብብ።»

አለቃዋ እስክሪብቶ አነሱና ፈረሙ።

ብሎን ደረጃው ላይ ይጠብቃት ነበር። ፊቱ አልተፈታም።

«ሳትነግሪኝ ላክሽው» አለ።

«አንተስ ሳትነግረኝ አልኖርክም?»

«የአባቴን ምስጢር ነው የጠበቅኩት።»

«እኔ ደግሞ» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፤ ስለተሰበረም የበለጠ ተናደደች፣ «ብነግርህ 'ተይው' ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ብትለኝ እተወው ነበር። ገባህ? እተወው ነበር! አንድም ቀን ለማንም ብዬ አንዲት ረድፍ ትቼ አላውቅም።»

ብሎን ኪሱን መዳፉ ላይ ዘረገፈው፤ ከብሎኖቹ መካከል በኋላ ከወለሉ ያነሳው የነሐሱ ቀለበት ነበር። ጠርዙ ተሞርዶ ለስልሷል።

«ያዘው» አለች ሳትነካው። «አባትህ ማየት ሲጀምሩ መጥቼ አጠልቀዋለሁ።»

ሽማግሌው ከሕክምና የተመለሱ ለት ሦስቱም ኮረብታው ላይ ወጡ። ሽማግሌው ማንንም ሳያናግሩ ሳጥኑን ከፈቱ። አልተጠጉም፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነጥብ ሰባት።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሰባት ነው። ከዚያ ጣቢያ ሰባት መጥቶ የማያውቅበትን ዘመን እሷ ብቻ ነበረች የቆጠረችው።

«ምን ያስለቅስሻል?» ተቆጡ ሽማግሌው። «በወንፊትሽ አሳልፊው እንጂ!»

«አልፏል፣ አባባ።»

ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ብሎን ቀለበቱን አጠለቀላት፤ ጣቷን ግን አልለቀቀም።

«አሁንም ተናደሻል?» አለ በሹክሹክታ።

«በጣም።»

«እኔም» አለ፤ ይበልጥ አጥብቆ ያዛት።