ከንጉሡ ሥር ያለው ንጉሥ

እኔ ዛር ቢሉኝ ቡዳ ቢሉኝ የምሥቅ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ጋኔን አየን ብለው በራቸውን ሲዘጉ ብቻዬን ውሃ ልቀዳ የምወርድ ነበርኩ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ፈሪ ነች እንዳትሉኝ። ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ ነው። ባሌ ታፈሰ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፣ የሳምንቱን እኩሌታ እኔ ጋ፣ እኩሌታውን ሞጆ ያድራል፣ ለምን ስለው "ሥራ ነዋ" ይለኛል፣ እኔም አምነው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ከራሴ አብልጬ አምነው ነበር።

ያገባኝ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥንታዊ የብር ሳንቲም አንገቴ ላይ አሠረልኝ። ጠገራ ብር እንዳይመስላችሁ፣ ከጠገራ ያንሳል፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ፂም የሌለው የአንድ ንጉሥ ፊት ያለበት ነው። "ካንቺ በፊት ማንም አላደረገውም" አለኝ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ደረቴ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ትንሽ መዶሻ ብረት ላይ ሲያርፍ ዓይነት። ቢላዬን ሳስቀምጥ ጸጥ አለ። በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ፣ ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ዝም። አውልቄ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ከግድግዳው መጣ። ታፈሰ ምሳውን እየበላ ነበር።

"አይሰማህም?" አልኩት።

"አይጥ ነው" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ደረቴ ላይ አይጥ?"

"እንግዲያ ጆሮሽን አሞሻል።"

እመኑኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ዘይት አስጨምሬ ሰነበትኩ። ድምፁ ግን አልቀረም፣ ብሶ የንጉሡ ጉንጭ ላይ መስመር ወጣ፣ መጀመሪያ ጭረት መሰለኝ፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ግን አፍንጫ ሆነ፣ ከአፍንጫው ሥር ፂም። ይሄኔ ገበያው ዳር ወዳሉት የመናዊ ብር ሠሪ፣ ወደ ሀጂ ሳልህ ሄድኩ። ሀጂ ብሩን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩና ሣቁ።

"ልጄ፣ ይህ ሁለት ንጉሥ ነው። ድሮ አንዱ ንጉሥ ሲወድቅ ተተኪው ያንኑ ሳንቲም አሙቆ የራሱን መልክ ይመታበታል፣ የፊተኛው ግን ጨርሶ አይጠፋም።"

ልቤ ትንሽ ረጋ። ሊመልሱልኝ ሲሉ ግን ማንጠልጠያውን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። "ይህቺን ቀለበት እኮ እኔ ነኝ የበየድኳት። አንድ የባቡር ሰው ለሞጆ ሙሽራዬ ብሎ አሠርቶኝ ነበር፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንቺ ነሽ እንዴ?"

"አዎ" አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፣ ያፈርኩ ይመስለኛል።

ታፈሰ ወደ ድሬዳዋ በወጣ ቀን ሞጆ ሄድኩ። ስሙን ጠርቼ ብጠይቅ ሁሉም ያውቀዋል፣ "የጫልቱ ባል" ይሉታል። ጫልቱ በሯ ላይ አግኝታኝ "አካም ጂርታ፣ ግቢ" አለችኝ፣ ከዚያ ዓይኗ አንገቴ ላይ ቀረ። ማን ነሽ አላለችኝም። ብሩን በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው።

"ላሳጥበው ብሎ ወሰደና ጠፋ አለኝ። ግን ይሄ ማነው? የኔ እኮ ባለ ፂም ነበር፣ ሌላ ፊት አልነበረበትም።" ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ "ያንኳኳብሻል?" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። "ያንኳኳል።"

"ጆሮሽን አሞሻል አለሽ?"

"አለኝ።"

"ዘይት አስጨመርሽ?"

ሁለታችንም ሣቅን፣ ሣቁ ግን አላማረብንም። ከዚያ ጫልቱ እንዲህ አለችኝ፦ "አንድ ቀን የተኛሁ መስዬ አየሁት። ብሩ ሲያንኳኳ ተነሣ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ጤፍ ማድጋ ውስጥ ቀበረው። ይሰማዋል፣ እህቴ። ዱሮም ይሰማው ነበር።"

ሌላ ሚስት ማግኘቴ አይደለም የሰበረኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቤት አለ። እየሰማ እኔን እብድ ማስመሰሉ ነው።

ታፈሰ የተመለሰ ቀን ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ከጫልቱ ጋር መገናኘቴን ነገርኩት። "ጫልቱ የምትባል አላውቅም፣ ማርያምን!" አለ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ብሩ ላይ ተተከለ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ መዳፉን ጫነበት፣ ከዚያም ጋቢውን ደረበበት።

"ዝም አሰኚው!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ምኑን?" አልኩት።

ሁለት ጆሮውን ይዞ ወጣ፣ ኮቱን እንኳ አልወሰደም፣ እኔም ጋ ጫልቱም ጋ ዳግመኛ አልመጣም፣ በሥራውም ላይ ያየው የለም። ከጫልቱ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን፣ በተገናኘን ቁጥር "ምኑን ያልሽው! የእጁን ሰጠሽው!" ብላ ትሥቃለች፣ አውቄ የተበቀልኩት ይመስላታል። ደስታዋን ላለማጥፋት ዝም እላለሁ። ለናንተ ግን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን አልዋሸሁትም፣ ጆሮዬን አቅንቼ ጠብቄ ነበር፣ ከብሩ አንዲት ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።