የዳመና አንገት

ሬሳው የእንጨት ፈረስ ነበር፤ ቢሆንም ናዝሬት እንደ ሰው አለቀሰችለት።

መርማሪ ፖሊሷ የሃምሳ አለቃ ዘውድነሽ ስትደርስ የልጆች መጫወቻው በር ላይ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። መጫወቻውን የተከለው ግሪክ ጥሎት ሄዶ ቀበሌው ከወረሰው ቆይቷል። ከሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ነጩን ከተማው «ዳመና» ብሎ ነው የሚጠራው። የሠርግ ፎቶ የሌለው ቤት ናዝሬት ውስጥ ሞልቷል፤ ልጅ ዳመና ላይ ተቀምጦ የተነሣው ፎቶ የሌለው ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ጥር 1976 ነው። መጫወቻው ታድሶ ሊመረቅ፣ ፈረሶቹ ሁሉ ከቀበሌው አናጢ ቤት ቀይ ተቀብተው፣ በጭድ ተደግፈው፣ በሸራ ተጠቅልለው ከመጡ ጥቂት ቀን ሆኗቸዋል። ዛሬ ጠዋት ሸራው ሲገለጥ ዳመና አንገቱ ላይ በመጋዝ ተቆርጧል። ራሱ የለም።

«ጣሊያን ነው ያስወሰደው! ሮም ወስዶ ሊያቆመው!»

«ባክህ፣ ጣሊያን ሥራ የፈታ መሰለህ? ጋሪ ነጂዎቹ ናቸው፤ ቀንተው ነው።»

«በእንጨት ፈረስ ማን ይቀናል?»

«ገብስ አይበላማ!»

ሳቁ ሳያባራ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ፊት መጡ። እትዬ አበባ ይባላሉ። «ልጄ ዘመተና ቀረ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እዚህ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ካልሆነ መልኩ አይመጣልኝም። የዳመናን ራስ የወሰደ የልጄን ፊት ነው የወሰደው።»

ሳቁ ተቆረጠ። ወዲያውም ወደ ቁጣ ዞረ። «ዘበኛው ይጠየቅ! ዘበኛው የት ነበር?»

ዘበኛው ኦቦ ኡርጌሳ ከበሩ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እጃቸው ታስሮ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ሻሼ በሩ ላይ ቆማ፣ ምግብ የቋጠረችበትን ሳህን እንደ ጋሻ ይዛ፣ ሕዝቡን ትመልሳለች።

«እሱ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው! ፈረስ አረደ ትሉኛላችሁ?»

የመጫወቻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ብዙነህ ካኪውን እያስተካከለ ዘውድነሽን ተቀበላት። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ጓዲት። ዘበኛው ሌሊት ቆርጦ ሸጦታል። ግልጽ የኢኮኖሚ አሻጥር! ማታ በሚሄደው መኪና ወህኒ ይወርዳል። ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ፊርማዬ ቀርፋፋ ነው» አለች ዘውድነሽ። «ሸራውን ማን ገለጠው?»

«እኔው። ለምረቃው ብዬ ማልጄ ገባሁ። ዘበኛውን ወንበር እንዲያመጣ ላክሁትና ብገልጠው፣ ይኸውልሽ።»

«ብቻዎን ነበሩ ማለት ነው። ሌሊቱን ነፋሱ አስተኛዎት?»

«ምን ያስተኛል! የቤቴን ቆርቆሮ ሊነቅለው ነበር። የበረደው ጎህ ሲቀድ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ቶሎ በይ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሕዝቡን ሰብስቤ አጋልጠዋለሁ፤ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ስብሰባ አለብኝ።»

ዘውድነሽ ተንበረከከች። ከፈረሱ ሥር ሰጋቱራ ተከምሯል፤ በማንኪያ የተገለበጠ ስኳር ይመስላል። ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አሸችው፤ ነጭ ነው። ከዚያ የተቆረጠውን አንገት ዳበሰች። ዙሪያዋን ብታይ ሌሊት የተወረወረ ወረቀትና ቅጠል ሁሉ አጥሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሜዳው ግን እንደተጠረገ ቤት ጸድቷል። ከአጥሩ ወዲህ የጓድ ብዙነህ ላንድሮቨር ቆሟል። አጠገቡ የግራር ጥላ ባዶውን እያለ መኪናው ፀሐይ ላይ ተገትሯል፤ የኋላ በሩም የአጥሩን ግንብ ነክቷል።

ልብሷን አራግፋ ወደ ዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ገባች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ኡርጌሳ?» አለች፣ እንዴት አደሩ ስትል በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። ሰላም ነው ልጄ፤ ሰላም ካለ።» ሽማግሌው እጃቸውን ከነገመዱ አነሡ። «በሸራ ተጠቅልሎ መጣ፣ በሸራ ተጠቅልሎ ጠበቅሁት። ገልጠህ እይ ያለኝ የለም። ሰው አልገባም። የመጋዝ ድምፅም አልሰማሁ።»

«በዚያ ነፋስ መጋዝ ይሰማል?»

«አይሰማም» አሉ፣ እንደሚጎዳቸው እያወቁ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል?»

ዘውድነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ነፍሱን ለማትረፍ እንኳ የማይዋሽ ሰው በሥራዋ ብዙ አልገጠማትም።

አናጢው ዘገዬ የቀበሌው ዎርክሾፕ ውስጥ ነው። ወጣት ነው፤ ጥፍሩ ሥር ቀይ ቀለም ደርቋል። ግድግዳው ላይ፣ ከመጋዞቹ በላይ፣ አንድ ሕፃን ዳመና ላይ ተቀምጦ የተነሣው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ፈረሶቹን ያደስከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዳመናን የቀባኸውስ?»

«እሱም እኔ።»

«ራሱንም?»

ዘገዬ የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። «ሁሉንም ነው የቀባሁት» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ጥሩ። ከሰዓት በኋላ መጫወቻው ና። ፎቶህን ይዘህ ና።»

አለቃዋ ሻምበል መርዳሳ ጣቢያው በር ላይ ጠበቃት። «ዘውድነሽ፣ ፈርሚና ጉዳዩ ይለቅ። ብዙነህ የላይ ሰው አለው።»

«እኔ የታች ሰው አለኝ፣ ጌታዬ።»

«አዳሚ ቱሉ ትንኝ እንደሚበዛ ታውቂያለሽ?»

«አጎበር እገዛለሁ።»

ብዙነህ ሽማግሌውን በሕዝብ ፊት ማጋለጥ ፈልጎ ስለነበር ስብሰባውን የጠራው እሱ ራሱ ነው። ዘውድነሽ የለመነችው ዳመና አጠገብ እንዲሆን ብቻ ነው። ከተማው ወጣ። ማንም ሳያዝዘው ሰው ሁሉ ፎቶውን ይዟል፤ አንዳንዱ ከነመስታወቱ ከግድግዳ አውርዶ ነው የመጣው። ብዙነህ መፈክር አሰምቶ «የአሻጥረኛውን ማንነት የምርመራ ጓዳችን ታብራራለች» ብሎ ተቀመጠ።

ዘውድነሽ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ፈታች። ውስጡ ሰጋቱራ አለ።

«ዳመና ትናንት ሌሊት እዚህ ተቆርጧል ተብሏል። የናዝሬት ሰው፣ ትናንት ሌሊት እንዴት ነበር?»

«ነፋስ!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

«የእኔን በርሜል ወሰደው!» አለ አንዱ።

«ሸራው ፈረሱን እንጂ መሬቱን አይሸፍንም። በርሜል የወሰደ ነፋስ ሰጋቱራ ከምሮ ይተዋል? ነፋሱ የበረደው ጎህ ሲቀድ መሆኑን ጓድ ብዙነህ ራሳቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ክምሩ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጥር ላይ ልብሷን ድንጋይ ሳትጭንበት የምታሰጣ የናዝሬት ሴት የለችም። ይህን የከመረ ሰው ነፋሳችንን ገና አልለመደም።»

ብዙነህ ሳቀ። «በነፋስ ነው የምትመሰክሪው?»

«በቀለምም ጭምር። ፈረሱ ቀይ ነው፤ ሰጋቱራው ግን አንድ ቀይ ፍንጣሪ የለውም። አሁን ወዲህ ኑ፣ አንገቱን እዩ። ቀለሙ ከዳር ተንጠባጥቦ በተቆረጠው እንጨት ላይ ወርዶ ደርቋል። ቀለም ገና ባልተቆረጠ እንጨት ውስጥ አይገባም። ሲቀባ አንገቱ ተቆርጦ ነበር! ኦቦ ኡርጌሳ የጠበቁት ራስ የሌለው ፈረስ ነው፤ ጭዱ ነው ራስ አስመስሎ ያቆመው።»

ሹክሹክታው እንደ ዝናብ ወረደ። ሁሉም ወደ ዘገዬ ዞረ። ዘገዬ ፎቶውን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ዘገዬ ተናገር» አለች ዘውድነሽ በቀስታ። «እትዬ አበባ እዚህ ናቸው።»

እትዬ አበባ የልጃቸውን ፎቶ ከዘገዬ ፎቶ ጎን ያዙለት። ሁለት ሕፃናት፣ አንድ ፈረስ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ዘገዬ። «ያዘዙኝ ጓድ ብዙነህ ናቸው። ‹ራሱ ተሰንጥቋል፣ አዲስ አበባ ይታደሳል› አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው ታሰረ ሲባል እሳቸው ዘንድ ሮጬ ሄድኩ። ‹አፍህን ብትከፍት ካጠገቡ ትታሰራለህ› አሉኝ። ሰጋቱራውንም ትናንት ከዎርክሾፑ በከረጢት ያስወሰዱት እሳቸው ናቸው።»

ብዙነህ ከመቀመጫው ተነሣ። «ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ሴት?»

«አላውቅም። ግን መኪናዎትን አይቻለሁ። በዚህ ሐሩር የግራር ጥላ እያለ መኪናውን ፀሐይ ላይ የሚያቆም ሰው፣ የኋላ በሩም እንዳይከፈት ከግንብ ጋር የሚያጣብቅ፣ ከፀሐይ የበለጠ የሚፈራው ነገር አለው። ወደ ፊት ያንቀሳቅሱት።»

«አላንቀሳቅስም!»

ማንም አላዘዘም። ሻሼ ሳህኗን መሬት አስቀመጠችና ላንድሮቨሩን ትከሻዋን ሰጥታ ገፋችው። ከእሷ ቀጥሎ ጋሪ ነጂዎቹ፣ ከዚያ ሕዝቡ። መኪናው እያቃሰተ ተንከባለለ። በሩ ሲከፈት በመፈክር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ነጭ ጆሮ፣ ነጭ ጋማ፣ የተላጠ አፍንጫ፤ ዳመና ቀይ ሳይነካው።

«ለኃላፊዬ ባለቤት ነው» አለ ብዙነህ። «ልጅ ሆና እዚህ ተነሥታበታለች። ሳሎኗ ውስጥ እንዲሆንላት ጠየቀችኝ። እንቢ ልበላት?»

«ሁላችንም ተነሥተንበታል» አሉ እትዬ አበባ። «ማንም ግን ለብቻዬ አላለም።»

ሻምበል መርዳሳ የኦቦ ኡርጌሳን ገመድ ራሱ ፈታ። ሽማግሌው ሳህኗን ከመሬት አንሥተው፣ ቆመው፣ በሕዝቡ ፊት በሉ።

ዘገዬ የዳመናን ራስ መልሶ ገጠመው። ራሱም ቀይ እንዲቀባ ትእዛዝ መጣ፤ ዘገዬ «ቀለም አልቋል» አለ። በሚቀጥለው ወር ሲጠየቅም ቀለሙ ገና አልመጣለትም። ዳመና በቀይ አካሉ ላይ ነጭ ራሱን አቅንቶ መሽከርከሩን ቀጠለ።

ብዙነህ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ በእድገት ነው አሉ። ዘውድነሽም ተዛወረች፤ አዳሚ ቱሉ። በምትሄድበት ቀን አጎበሯን በብብቷ ይዛ መጫወቻው ገባች፣ እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆረጠች፣ ከነዩኒፎርሟ ዳመና ላይ ወጣች። ፎቶ አንሺው አብተው ከካሜራው ጀርባ ቀና አለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ቆብሽን አውልቂው፣ ፊትሽን ይሸፍነዋል።»

«አላወልቅም። ማን እንደሆንኩ ይወቁ።»

«እሺ፣ ፈገግ በያ።»

«መጀመሪያ አንሣ» አለች። ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላ ሳቀች።