ለአሿፊው የተላከ ጥሪ

የዝናብ ኬላው ጠባቂ ላሙሳ ኪ አዜታን ከሩቅ ሲያያት ከአግዳሚው ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ይኼ ብቻውን አናደዳት። እሱ ሳሞ ነው፣ እሷ ሞሲ፤ ሁለቱ ጎሳዎች ሲገናኙ እየተሰዳደቡ የሚሳሳቁ የቀልድ ዘመዶች ናቸው። ሳሞ ለሞሲ ባርኔጣ አያወልቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ከድልድዩ ሳትወርድ፣ «የአህያ ጭንቅላት በሊታዎቹ መጡ! አህያችሁን ደብቁ!» እያለ ተሰልፎ የቆመውን ሾፌር ሁሉ ያስቅባት ነበር። እሷም «አንተ ውሻ በላ!» ትለውና ያልፋል።

ዝናቡ ካባራ ብዙም አልቆየም። ቀዩ መንገድ ውሃ ጠጥቶ ረስርሷል። እስኪጠነክር ድረስ ጭነት አያልፍበትም። የኬላው ረጅም እንጨት መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል፤ ከኋላው የሽንኩርትና የጥጥ ጭነት የያዙ መኪኖች ተኮልኩለዋል። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ሻይ እያፈሉ ይጠብቃሉ።

አዜታ ብስክሌቷን በጭቃው ውስጥ እየገፋች ቀረበች። አጎቷ ሃማዶ ጠዋት ያላትን መንገዱን ሁሉ ስታኝከው ነው የመጣችው።

«ሂጂና ለዚያ ውሻ በላ ንገሪው» ነበር ያላት። «ዓርብ የአባቴ አርባ ነው። መጥቶ በሟቹ ካላሾፈ ራሴ ሄጄ ጅራቱን እቆርጠዋለሁ በይው።»

«እኔ አልሄድም።»

«ታዲያ ማን ይሂድ? ሟቹ?»

«አጎቴ፣ አያቴን የገደላቸው እኮ እሱ ነው!»

አጎቷ የሚጠግነውን የውሃ ቱቦ አስቀመጠ። «ከሳሞ ጋር ቂም አይያዝም። እኛ ስንሞት እነሱ መጥተው ሟቹን እያስመሰሉ ይቀልዳሉ፤ እነሱ ሲሞቱ እኛ። አባቴ ሲሞቱ ይኼ ሕግ አብሯቸው አልተቀበረም። ጥሪው ካልደረሰው ግን አይመጣም። ሳይጠራ የቀረ አሿፊ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ዘመድ አይባልም። ስለዚህ አደራ፣ ነገሩ እንዳይበላሽ።»

አጎቷ ይህን ያለው እንድትጠነቀቅ ነበር። አዜታ ግን የሰማችው በሌላ ጆሮዋ ነው። ጥሪው ካልደረሰው ዘመድ አይደለም። ጥሪው ደግሞ ያለው እሷ አፍ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። አያቷ ቲቦ፣ ጎተራ ውስጥ የከረመ ሽንኩርታቸውን ለጋና ነጋዴዎች ለማድረስ ቸኩለው ነበር። በክረምት የሽንኩርት ዋጋ እጥፍ ነው፤ መበስበሱም እጥፍ። ኬላው ተዘግቷል፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ የሚያልፍ በሽተኛ የጫነ ብቻ ነው። አያቷ ባለ ሦስት እግሩ የጭነት ሞተር ላይ፣ ከጆንያዎቹ አናት ተንጋለሉና ሆዳቸውን ይዘው ማቃሰት ጀመሩ። ላሙሳ ደንግጦ እንጨቱን አነሳ። ወዲያ ማዶ ሲደርሱ አያቷ ብድግ ብለው፣ «አንተ ውሻ በላ! የታመመው ሽንኩርቱ ነው!» ብለው ጮኹ። ገበያው ዓመት ሙሉ በዚህ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ላሙሳ ራሱ ነበር።

ዘንድሮ ያቃሰቱት የእውነታቸውን ነው። አዜታ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጎረቤት እየነዳላት በዚያው ሞተር ይዛቸው መጣች። ላሙሳ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ቆመና ሳቀ።

«ዘንድሮስ አልሸወድም! ደግሞ ያለ ሽንኩርት መጣህ? ጨምርበት እንጂ ሽማግሌው፣ የአምናው ማቃሰት ይሻል ነበር!»

ሾፌሮቹም ሳቁ። «የእውነታቸውን ነው!» ብላ ስትጮህ፣ «የልጅ ልጁንም አሠልጥኗታል!» አለና ባሰበት። እንደዚያ እየሳቀ ነበር ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን ያየው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን አንስቶ፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ እስኪቀር ሞተሩን ከኋላ እየገፋ ሮጧል። አዜታ ይህንንም አትረሳውም። ሆኖም ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሐኪሙ፣ «አንጀታቸው ታንቆ ነበር፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ።

ያቺን «ትንሽ» የወሰዳት ሳቁ ነው።

«እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?» አለ ላሙሳ አሁን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

በጥፊ የተመታ ያህል ዓይኑን ጨፈነ። ሻይ የሚቀዳው ሾፌር እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ኧረ ጉድ! ሞሲ ሳሞን አንቱ አለች! ሰዎች፣ ዓለም ሊጠፋ ነው፤ ሻያችሁን ቶሎ ጠጡ!»

ማንም አልሳቀለትም።

ላሙሳ ጠጋ አለ። «ቤታችሁ ደጋግሜ መጥቼ ከበሩ ተመልሻለሁ። አንድ ሰው እንኳ ወጥቶ አልሰደበኝም። ስደቢኝ በቃ። ውሻ በላ በይኝ።»

«ትልቅ ሰው አይሰደብም፣ አቶ ላሙሳ።»

«አዜታ…»

«ምን አድርገው ነው የምሰድብዎት?»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨመደደው። አዜታ ደስ አላት። በቤንዚን ኬላውን ማቃጠል፣ ድንጋይ መወርወር፣ ስንቱን አስባ ነበር። እንዲህ ያለ ስለት ምላሷ ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር።

«አርባው ደረሰ አይደል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጎትሽ… መልእክት የላከ መስሎኝ?»

«ምንም አልላከም። ደህና ይዋሉ።»

አለቀ። ብስክሌቷን አዞረች። ገና ፔዳሉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትረግጥ፣ አንዲት ባለ ሦስት እግር ሞተር የተሰለፉትን መኪኖች በጎን እየታከከች መጣች። ጆንያዎቹ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰው ተኝቶ ያቃስታል።

«ኧ… ኧ… ሆዴን!»

«ደግሞ ታማሚ!» አለ ባለ ሻዩ ሾፌር። «ሰሞኑን አገሩን የሽንኩርት ወረርሽኝ ገባበት! ላሙሳ፣ መንገዱ እኮ አለቀ፤ እኛ በምኑ ልናልፍ ነው?»

 ላሙሳ ወደ ሞተሩ እንኳ አላየም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ገመዱን ሳበና እንጨቱን አነሳ። አዜታ ከኬላው ማዶ ያለውን መንገድ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። ጎማ በጎማ ላይ እየተመላለሰ ሞሽልቆታል፤ እንደታረሰ ማሳ ነው።

ላስቲኩን ገለጠችው። የክፍሏ ልጅ ሱሌ ነው።

«ውረድ!»

«አሞኛል ባክሽ… ኧ…»

«ትናንት ኳስ ሜዳ አልነበርክም?»

«ዛሬ ነው የያዘኝ።» ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አዙ፣ አታካብጂ እንጂ! ሽንኩርቱ ሊበሰብስብን ነው። ሰውዬው እንደሆነ ፈዟል፣ ማቃሰት ከሰማ ሳያይ ነው የሚከፍተው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያልፈው፣ እኛ ምን ቤት ነን?»

ሳያይ ነው የሚከፍተው።

አዜታ ዞራ ላሙሳን አየችው። ገመዱን ይዞ አሁንም መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያን ቀን ወዲህ የማንንም ፊት አላየም ማለት ነው። ለሚያቃስት ሁሉ ይከፍታል፣ መንገዱ ይቦረቦራል፣ እሱ ግን ትንሽ ይቀልለዋል። ይኼ ሁሉ ጭቃ የእሱ ልቅሶ ነው። እሷ የፈለገችው ግን እንዲያለቅስ አልነበረም። እንዲያይ ነው።

«ዝጋው!» ብላ ጮኸች። «ዝጋው እንጂ፣ አንተ ውሻ በላ! ቀና በልና ፊቱን እየው! ይኼ የታመመ ፊት ነው?»

ላሙሳ ቀና አለ። ሱሌን አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው። ሱሌ ማቃሰቱን ተወና ጆሮውን አከከ። እንጨቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

«በሰበሰ በይ!» አለ ሱሌ ከጆንያው እየዘለለ። «ሽንኩርቱን አንቺ ልትገዢው ነው አሁን?» ሾፌሮቹ እያፏጩ አሾፉበት።

ላሙሳ ወደ አዜታ መጣ። ፊቱ ላይ ተስፋ ይሁን ፍርሃት የማይለይ ነገር ነበር።

«ሰደብሽኝ» አለ። «የጨዋታው ነው? ወይስ የእውነትሽን?»

የእውነቷን ነበር። እንዲህ ብላ ብትመልስ ያበቃል፤ ሁለቱ ቤቶች እንደተቆራረጡ ይቀራሉ። ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጣ። ግን የሱሌ ማቃሰት ጆሮዋ ውስጥ አልጠፋም፤ እሱን እያዳመጠች ሌላ ነገር አገኘች።

«ዓርብ አርባው ነው» አለች። «አጎቴ ጠርቶሃል። ካልመጣህ ጅራትህን ይቆርጠዋል።»

ላሙሳ አፉን በእጁ ያዘ። «እመጣለሁ! እንዴት አልመጣም? የሟቹን የድሮ ጥብቆ ለብሼ፣ እንደሱ እያነከስኩ፣ ሴቶቹን ሁሉ…»

«አታነክስም። የዚያን ቀኑን ነው የምትጫወተው።»

«የቱን ቀን?»

«ታውቀዋለህ። ጆንያ ላይ ትተኛና እንደሳቸው ታቃስታለህ። ከዚያ ትነሳና ራስህን ትሆናለህ። እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ትስቃለህ። ያልከውን ሁሉ ትላለህ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ በተቀመጠበት።»

 ከመኪኖቹ ሥር ሻይ ሲንተከተክ ይሰማል።

«ልጄ፣ ይኼንንማ… ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ሳሞ ለሞሲ እምቢ ይላል እንዴ?»

አይልም። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ላሙሳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ፤ የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ ደግሞ ጠቀለለው።

«በዚያ ማን ይስቃል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ። ከፊት ነው የምቀመጠው።»

ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ከድልድዩ ጀምሮ መንገዱ ዳገት ነው፤ ጭቃው ጎማዋን እየያዘ አስቸገራት። ዓርብ፣ እሱ ጆንያው ላይ ሲተኛ፣ ምን እንደምታደርግ አሰበች። መሳቅ አለመሳቋን ገና አልወሰነችም። ዓይኗን ከሱ ላይ እንደማታነሳ ግን ወስናለች።