ጥቁሯ መስመር

«በኡራኤል ይዤሻለሁ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አሉ እትዬ ጽጌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የባርኮት ዓይን ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ከተኛው ወንድሟ አልተነቀለም። በሰባት ወሩ ተወልዶ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ከምናምን። እናቷ በኦፕራሲዮን ስለወለደች ገና ከአልጋ አልወረደችም፤ ወተቷን የምትልከው በባርኮትና በአክስቷ በእትዬ ጽጌ እጅ ነው።

እትዬ ጽጌ ልጁ ሳይጠመቅ አንድ ነገር እንዳይሆን ሰግተው ከቤተ ክርስቲያን እምነት ይዘው መጥተዋል። ነርሷ ሲስተር ሀቢባ ያለቀውን ግሉኮስ ልትቀይር ወጣ ስትል፣ እጃቸውን በሳጥኑ መስኮት ሰደድ አድርገው ግንባሩን ቀቡት። ሲያወጡት ግን የነጠላቸው ጫፍ በእትብቱ የገባችውን ቀጭን ቱቦ ይዞ ጎተታት። ደንግጠው መልሰው ገፏት።

«እትዬ፣ ጥቁሯ መስመር ጠፋች እኮ! ሲስተር ያሉንን ረሱት?»

ሲስተር ሀቢባ ገና በመጀመሪያው ቀን አስረድታቸዋለች። የቱቦዋ ጫፍ ልቡ ደጃፍ ላይ እንድትቆም በራጅ ታይታ ነው በፕላስተር የታሰረችው፤ ቱቦዋ ላይ ለምልክት የተሰመረችው ጥቁር መስመር ከእትብቱ አፍ መነቃነቅ የለባትም። ጠልቃ ከገባች ልቡን ልትበሳው፣ ግሉኮሱም በልቡ ዙሪያ ሞልቶ ሊያፍነው ይችላል።

«መለስኳት አይደል? ካወቁ እኮ ሁለተኛ አያስገቡንም። የሰፈራችን የፈላና በር ሰው ሁሉ ልጁን ገደለችው ይለኛል!» የእትዬ ጽጌ እንባ መጣ። ባርኮትን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር ሀቢባ አዲሱን ግሉኮስ ይዛ ገባች። «ጀግናው ዛሬ ፏ ብሏል! ወላሂ፣ ከትናንቱ በጣም ይሻላል» አለች እየሳቀች። ግሉኮሱን ሰቅላ ከቱቦዋ ጋር አገናኘችና ልትከፍተው እጇን ዘረጋች።

ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት መስመሯ ፕላስተሩ ሥር ትሆናለች። ባርኮት ይህን ማመን ክፉኛ ፈለገች። አክስቷ ከኋላ ክንዷን ጨበጥ አደረጓት።

«ሲስተር፣ እንዳይከፍቱት!»

የነርሷ ሳቅ ጠፋ። «ምነው? ምን ተፈጠረ?»

እትዬ ጽጌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባርኮት ክንዷን የያዘውን እጅ አላስለቀቀችም።

«ቱቦዋ ወጥታ ነበር» አለች። «መልሰን አስገባናት።»