በር ላይ ያልነበረው ጫማ

ጋሽ ገርባን ገመዶቹ ከሚያልፉበት ከሰርቨር ክፍሉ ወለል ስር ጎትተው ሲያወጧቸው አንዱ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ከእግራቸው ወልቆ ቀረ። ፋና አነሣችው። ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ይዛው ቆመች።

ቀኑ አርብ ነው፣ የምሳ እረፍቱ የሚረዝምበት። አዳማ ከሚገኘው ከዚህ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት አብዛኛው ሠራተኛ ወጥቶ ነበር። የእሳት ደወሉ ጮኸ፤ ኤሌክትሪሻኑ ዳዊ ሮጦ ደረሰና ከበሩ ውጭ ያለውን ቁልፍ ተጫነ፤ የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ክፍሉን ሞላው። ውስጥ ግን እሳት አልነበረም። የነበሩት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ገርባ ናቸው፣ ፋናን ከኮሌጅ እንደወጣች ተቀብለው ሙያ ያስጨበጧት ሰው። ያ ጋዝ ከባድ ነው፣ ከታች ይተኛል። የማሽኖቹ ጩኸት ደወሉን ውጦበት ወለል ስር ለጎነበሰ ሰው ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይበቃዋል።

ኢንስፔክተር በላይነሽ የመጣችው አመሻሽ ላይ ነው። ስትጠይቅ ገበያ የወጣች ትመስላለች፤ ዋጋውን እያወቀች ሻጩ ራሱ እንዲናገር ትፈልጋለች።

«አካም ጅርታ፣ ዳዊ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ዳዊ።

«እሱን ለኔ ተወው። መጀመሪያ ምን አየህ?»

«ከአየር ማስገቢያው ጭስ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ጫማ ፈለግሁ።»

«የምን ጫማ?»

«እዚህ ከነጫማው የሚገባ የለም። አቧራ ለማሽኖቹ ጠላት ነው። ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፣ ገባ ሲሉ ካለው ነጠላ ጫማ ታጠልቃለህ። ጫማ ካለ ሰው አለ፤ ጫማ ከሌለ ሰው የለም። ጫማ ደግሞ አልነበረም!»

«በሩን ከፍተህ አላየህም?»

«እሳት ከተነሣ በር አይከፈትም፣ አየር ይቀልበዋል። እንደዚያ ነው ያስተማሩን» አለ። «ያስተማሩን ጋሽ ገርባ ናቸው።»

ጋሽ ገርባና ዳዊ በጄኔሬተሩ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ቁልፉን የተጫነውም እሱ ነው። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ለፋና «ለባለቤቴ ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ መውለጃዋ ደርሷል» አላት። ፋና ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ጋሽ ገርባ ያወለቁት ጫማ የተገኘው በራሳቸው ቢሮ፣ ጠረጴዛቸው ስር ነው። ቢሮው ተቆልፎ፣ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ይኸው!» አለ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ መርዳሳ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። «ጫማቸውን ቢሮ አውልቀው በካልሲ ሄደዋል ማለት ነው። ዳዊ ምን ያድርግ? አደጋ ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው።»

በላይነሽ አመስግናው ወደ ፋና ዞረች።

«ሟቹ ወለል ስር ምን ይሠሩ ነበር?»

«ዲስኮቹ ትእዛዝ ሲላክላቸው በጊዜ አይመልሱም ነበር።»

«እኔ በሚገባኝ አማርኛ።»

«ሰርቨሩ ዲስኩን ‹ይህን አምጣ› ይለዋል። መልሱ በተወሰነለት ሰዓት ካልደረሰ ስህተት ብሎ ይጮኻል፣ ደግሞ ይልካል።»

«የቱ ዲስክ ነው የተበላሸው?»

«ሁሉም እኩል ነበር የሚዘገዩት።»

«የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ እኩል ከደረቀ እኔ ቧንቧ አልቀይርም» አለች በላይነሽ። «መስመሩን ነው የማየው።»

«ጋሽ ገርባም ያሉት እሱን ነው።»

«ለማን?»

«ለ… እንዲያው ለራሳቸው ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

በላይነሽ «እሺ» ብላ ሄደች።

ያን ሌሊት በፋና ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። የማስጠንቀቂያው ጩኸት የሰለቸው ሌላ አለቃ «አፉን አዘጊልኝ» ሲላት፣ የዲስኮቹን የመልስ መጠበቂያ ጊዜ አርዝማ ጩኸቱን ያጠፋችው እሷ ናት። በሽታው ባለበት እያለ ሕመምተኛውን ዝም ማሰኘት! ሐሙስ ዕለት ጋሽ ገርባ «ልጄ፣ የነካካሽው ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቋት «ኧረ በፍጹም» አለች። ከዚህ የከፋ ሌላም ነገር ነበር። እሱን ለራሷም መናገር ፈራች። ከነገሩ ጦም እደሩ እያለች ራሷን ስታባብል ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት በላይነሽ ሁሉንም ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ፋናን፣ መርዳሳን፣ ጸሐፊዋን ሊዲን፣ በፖሊስ ታጅቦ የመጣውን ዳዊን። ሁሉም ጫማቸውን እንዲያወልቁ አዘዘች።

«አቶ መርዳሳ፣ እስቲ እስከ ጋሽ ገርባ ቢሮ በካልሲ ደርሰው ይመለሱ።»

መርዳሳ ፈገግ ብሎ ሄደ፤ ተመለሰ።

«እግርዎን ያንሡ።»

ነጩ ካልሲ ከስሩ ቡናማ ሆኗል። የአዳማ አቧራ በየኮሪደሩ ነው የሚያድረው።

«የጋሽ ገርባ ካልሲ ከስሩ ንጹሕ ነው» አለች በላይነሽ። «ጫማቸውን ያወለቁት እዚሁ በር ላይ ነው ማለት ነው። እሳቸው ወለል ስር ገብተው ሳለ ሌላ ሰው አንሥቶ ቢሯቸው ወሰደው። ቢሮው ተቆልፏል፣ አንዱ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሌላው ማን ጋ ነው፣ ሊዲ?»

«አቶ መርዳሳ ጋ» አለች ሊዲ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ጭሱስ? ከአየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ የነደደ ጨርቅ አግኝተናል። ገዳዩ እጁን የጋዙ መልቀቂያ ላይ ማሳረፍ አላስፈለገውም። ጫማ ከሌለ ሰው የለም የሚለውን የቤቱን ልማድ ያውቃል። ጫማውን አነሣ፣ ጭሱን ለቀቀ፣ የቀረውን ለታማኙ ዳዊ ተወለት።»

ዳዊ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ምክንያቱስ?» አለ መርዳሳ።

«ጋሽ ገርባ በእጃቸው ይከተሉት የነበረው ገመድ። ከዲስኮቹ መስመር ተጠልፎ ወለል ለወለል ሄዶ እርስዎ ቢሮ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የትኛው ኮንቴይነር ምን ጭኖ መቼ እንደሚወጣ በዚያ ይቀዳ ነበር። ቅጂው መስመሩን ሲያጨናንቀው ዲስኮቹ ሁሉ እኩል ይዘገያሉ። መንገድ ላይ የሚዘረፉት መኪኖች ዘንድሮ ለምን እንደበዙ አሁን ገባኝ።»

«ገመድ ማንም ይዘረጋል። ቁልፌም መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ማንም ያነሣዋል» አለ መርዳሳ። ፈገግታው አልጠፋም። «ደግሞስ ገርባ በምሳ ሰዓት ወለል ስር እንደሚገባ እኔ በምን አውቄ?»

በላይነሽ ማንንም ሳታይ መለሰች። «እሱን ከስልክ መዝገብ ማስመጣት ይቻላል። ግን ቀን ይፈጃል። ዳዊ እስከዚያ እስር ቤት ያድራል።»

ፋና ዳዊን አየችው። ዓይኑን በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች አላነሣም።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች። «የመጠበቂያ ጊዜውን እንዳረዝም ያዘዘኝ እሱ ነው። ሐሙስ ጋሽ ገርባ ሲጠይቁኝ ካድኳቸው። አርብ ጠዋት ጋሽ ገርባ ‹በምሳ ሰዓት መስመሩን በእጄ እከተላለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ› አሉኝ። የሠራሁት ይወጣብኛል ብዬ ፈራሁና ደወልኩለት። ‹አይዞሽ፣ እኔ አለሁ› አለኝ።» እንባዋ ቀደማት። «እንደሚገድላቸው አላወቅሁም። ግን አሳልፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

የመርዳሳ ፈገግታ ያኔ ጠፋ። ሁለት ፖሊሶች በካልሲው ይዘውት ወጡ።

ሊዲ ለዳዊ ሚስት ለመደወል ስትሮጥ፣ በላይነሽ ጫማዋን እያጠለቀች ለፋና ቀስ ብላ ተናገረች። «ሐሙስ ጠየቁሽ። መልስሽ ዛሬ ደረሰ።»

«ይቅር ይሉኝ ይሆን?»

«እሱን እኔ መርምሬ አላውቅም» አለች በላይነሽ። «ሰኞ ጣቢያ ትመጪና ቃልሽን ትሰጫለሽ።»

ሁሉም ሲሄድ ፋና ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። መርማሪዎቹ ያንን ገመድ ነቅለው ወስደውታል። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደነበረበት መለሰችና ቁጭ ብላ ጠበቀች። ዲስኮቹ ሁሉም በጊዜያቸው መለሱ። እሷም አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና አለቀሰች።

በሩ ተከፈተ። ዳዊ ነበር። ጫማዋን እግሩ ስር ቢያየውም፣ አንገቱን አስግጎ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ተጣራ።

«ሰው አለ ወይ?»

«አለሁ!» አለች ፋና፣ ሳትዘገይ።