አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር

የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ ዋና አሠልጣኝ ከቀትር በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል። ብዕሩ ተከፍቷል፤ ከፊቱ ያለው የካፒቴንነት ማረጋገጫ ግን አልተፈረመበትም። ወረቀቱ የአንዲት ረዳት አብራሪ ነው።

መርማሪዋ ለመናገር አትቸኩልም፤ በመስማት ግን የሚያህላት የለም። በሰዓቱ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ረዳት አብራሪዋ፣ እሱም ረዳት አብራሪ የሆነው ባሏና ቴክኒሽያኑ ናቸው። ከሟቹ ቢሮ መጨረሻ የወጣችው ረዳት አብራሪዋ ናትና ሁሉም ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ ነው።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለችው ባልየውን።

«የበረራ መለማመጃው ማሽን ውስጥ። አውሮፕላን ሳሳርፍ ነበር።»

«እውነቱን ነው» አለ ቴክኒሽያኑ። «ታች ሆኜ በስልክ ዕቃ ሳዝዝ የሞተሩ ድምፅ አንዴም አልተቋረጠም።»

«እንዴት አሳረፉ?»

«በእግሬ ፍሬን ይዤ፣ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ቀጥ! በአንድ ሺህ ሦስት መቶ አቆመ ተብሎ የሚሞገስ ሰው አለ አሉ።»

ይህን ሲል ሚስቱን በጎን አያት። መርማሪዋ ወጥታ የማሽኑን መዝገብ አሳተመች፤ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሦስቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ፊርማ የሚጠብቅ ሰው ፈራሚውን አይገድልም» አለቻት ረዳት አብራሪዋን። «ቴክኒሽያኑም ስልክ ላይ እንደነበረ ያነጋገረው ሰው አረጋግጧል። በመዝገቡ ግን አውሮፕላኑ ያረፈው በራሱ ነው፤ አውቶማቲክ ፍሬኑም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ባልየው።

«አውቶማቲክ ፍሬን የቻለውን ያህል አይዝም፤ ፍጥነት የሚቀንሰው በታዘዘው ልክ ብቻ ነው። ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ለስለስ ይላል፣ የማረፊያ ሜዳ ግን ይበላል። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር በልቷል።»

«ቁጥር ተሳስቼ ይሆናላ!»

«ይሁን። ግን አብራሪ አውሮፕላኑ ሳይቆም ፔዳሉን ረግጦ ፍሬኑን ይረከባል፤ ከሜዳውም ይወጣል። እዚህ ፔዳሉን የነካ እግር የለም። አውሮፕላኑ ሞተሩ እየሠራ መሀል ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ተገትሯል። ወንበሩ ባዶ ነበር። አሳረፍኩ ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ መዝገቡን ማየት ትዝም አይለኝም ነበር። እርስዎ ግን ሚስትዎን በመቶ ሜትር ሳይበልጧት ማደር አልቻሉም።»

የባልየው ፊት አመድ መሰለ።

«አብረን ነው የጀመርነው» አለ። «አሠልጣኙ እኔን ሦስት ጊዜ ገና ነህ ብሎ መለሰኝ። ለእሷ ግን በአንዴ ብዕር አነሳ! ቀናሁ፤ አንጀቴ አረረ። ቤቴ ውስጥ ካፒቴን እያልኩ ልጥራት?»

ሚስቱ እንባዋን አልጠረገችም። «ዛሬ ጠዋት እኮ እንኳን ደስ አለሽ ብለህ አቅፈኸኛል» አለችው።

«አቅፌሻለሁ» አለ። «ፊቴን እንዳታዪው ነው።»