እጅጌው ላይ ያረፈችው የሌሊት ወፍ

«እነዚህን ካርዶች የሠራው ማነው?» አሉ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ የሌሊት ወፍ የተሳለችበትን ካርድ ከፍ አድርገው እያሳዩ።

ክብሪት አፏን ሳትከፍት ከጎኗ የተቀመጠችው ሬዲዮ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ ቲቸር!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ክብሪት የምትሰማውን ማመን አቃታት። አሥራ ሁለቱንም ካርዶች ቆርጣ፣ ስላ፣ ቀለም የቀባችው እሷ ናት። ሬዲዮ ያደረገችው ነገር ቢኖር ትናንት «በናትሽ ላጥናበት» ብላ መዋስ ብቻ ነው። ሁለቱም ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው፤ ሬዲዮ ወሬ ስለማታቋርጥ፣ ክብሪት ደግሞ ገና ሲነኳት ስለምትቀጣጠል። ዛሬ ሬዲዮ ወሬው አልበቃትም፣ የሰው ድካምም አማራት።

ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ የሚያጠናው የሃሎዊንን ቃላት ነበር። ሃሎዊን ቅጠል በሚረግፍበት ወር ሰዎች ጭምብል አጥልቀው እርስ በርስ የሚያስፈራሩበት የሩቅ አገር በዓል ነው። መምህሯ መናፍስቱን፣ አጽሙን፣ ዱባውን «ጎስት፣ ስኬለተን፣ ፓምፕኪን» እያሉ ሰሌዳውን ሲሞሉ ግማሹ ተማሪ ያዛጋ ነበር። ክብሪት ግን በሥዕል ካላየችው ቃል አይያዝላትም። የአጽሙን የጎድን አጥንት አንድ በአንድ ቆጥራ ነው የሳለችው።

«ጎበዝ! በእንግሊዝኛ ቀን መድረኩን የምትመሪው አንቺ ነሽ» አሉ መምህሯ ለሬዲዮ።

የክብሪት ደም ፈላ። ማስረጃ አላት፤ ካርዶቹ ቢገለበጡ ጀርባቸው ላይ የእናቷ የእጅ ጽሑፍ አለ። «ይገልብጡት!» ልትል ተነሳች። ቆማ ሳለች ግን ጽሑፉ ምን እንደሚል ትዝ አላት።

«ምን ልትዪ ነበር?» አሉ መምህሯ።

«ምንም» አለችና ቁጭ አለች።

ጽሑፉ «የነርሶች፣ እጅጌ» ይላል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ የምትቆርጠው ፓተርን በሚባል የካርቶን ልክ ነው። ክብሪት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ያገኘችውን ካርቶን ውዳቂ መስሏት አንዲት ቅዳጅ ሳታባክን ቆራርጣ ጨረሰችው። የትከሻው ቅስት ለክንፏ ስለተመቸ የሌሊት ወፏን እዚያ ላይ ሳለች። በማግስቱ እናቷ ለስልሳ ነርሶች የሚሰፋውን ልብስ ልክ ፍለጋ የስፌት ሱቋን ስትገለብጥ ለክብሪት ነገሩ ገባት። ገብቷትም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ዝም አለች።

ፓተርን ሚስማር ላይ መስቀል የእታለም ሥራ ነው። እታለም ስድስት ዓመት ከእናቷ ጋር የሠራች ቁልፍ ሰፊ ናት። «በገዛ እጄ ሰቅዬዋለሁ» ብትል ማን ይስማት። ትናንት እናቷ «ልኩን የጣልሽው አንቺ ነሽ፤ ነገ ዕቃሽን ሰብስቢ» ብላታለች።

በእረፍት ሰዓት ክብሪት ሬዲዮን ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት።

«አንቺ ዓይን አውጣ! ሼም አታውቂም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የፈራሁት አለ?»

«አፌ ቀደመኝ እኮ» አለች ሬዲዮ። «አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት ልመልሰው? ደግሞ ቆመሽ አልነበር? ለምን አልተናገርሽም?»

ጥያቄው ክብሪትን ይበልጥ አናደዳት።

«አታካብጂው» አለች ሬዲዮ። «ካርድ እኮ ነው። ማን ሞተ?»

ክብሪት በጥፊ ልትላት ያነሳችውን እጇን መለሰችው። ይቺን አባባል ታውቃታለች። «ካርቶን እኮ ነው፣ ማን ሞተ?» እያለች ለራሷ ስትነግር ሦስት ቀን አልፏታል። ሬዲዮን ጠላቻት፣ ራሷንም ጠላች፤ ማንን አስቀድማ እንደምትጠላ ግራ ገባት።

«ካርዶቹን አምጪ።»

«መድረኩስ?»

«አምጪ አልኩሽ!»

ከትምህርት ቤት ወጥታ ሱቁ ስትደርስ የእናቷ የስፌት መኪና ይንጣጣል። እታለም መነጽሯንና የግሏን መቀስ በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር።

«ምነው ፊትሽ? ማን ነካብኝ?» አለች እናቷ።

ክብሪት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ብጣሹን ጠረገችና ካርዶቹን በጀርባቸው ትደረድር ጀመር። መጀመሪያ አንጓው መጣ፣ ከዚያ ክርኑ። መኪናው ጸጥ አለ። እጇ ላይ የሌሊት ወፏ ብቻ ቀረች። እሷን ኪሷ ብትከታት እጅጌው ትከሻ አይኖረውም፤ ምናልባት ማንም ምን እንደሆነ አይለየው ይሆናል። አስቀመጠቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ውዳቂ መስሎኝ ነው። ከዚያ ግን... አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

እናቷ ወደ እታለም መመልከት አልደፈረችም። እታለም ቀረብ ብላ አንዱን ካርድ ገለበጠችና የሚስቀውን ዱባ አየች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሦስት ቀን» አለች። ብትጮኽባት ለክብሪት ይሻላት ነበር።

ክብሪት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ከመደርደሪያው ንጹሕ ካርቶን አወረደች። ቁርጥራጮቹን ላዩ ላይ እንደገና ደረደረችና ዙሪያቸውን ልታሰምር እርሳስ አነሳች። ካርዶቹ እየተንሸራተቱ መስመሩ ይጣመማል። አጥፍታ እንደገና ጀመረች። እንደገና ተጣመመ።

እታለም ጥቅሏን ብብቷ ሥር እንደያዘች በሌላው እጇ የሌሊት ወፏን ተጭና ያዘችላት።

«ቀስ በይ» አለች፣ ድምጿ ገና እንደከረረ። «ትከሻው ላይ አትቸኩዪ።»